እንስሳት በሕግ ፊት፤ የካርቱም አንበሶችና የሱዋኪን በጎች ያስተማሩት

ገበሬ ከብቱን የሚከፋፍለው በራሱ ሥርዓት ነው። በሬና ላም የቀንድ ከብት፥ ፈረስ፥ በቅሎና አህያ የጋማ ከብት ይባላሉ፤ በግና ፍየል በአንድ ወገን፥ ዶሮ በሌላ ወገን ይቈጠራሉ፤ ንብ ከቀፎዋ ጋራ የራሷ ስፍራ አላት፤ ከበረትና ከአጥር ውጭ የሚኖረው ሁሉ ደግሞ የዱር አውሬ ነው። ይህ አከፋፈል ከሥራና ከጥቅም የተገኘ ስለሆነ ማንም አይስተውም። ሕግም እንደ ገበሬው እንስሳትን በየክፍላቸው ለይቶ ይመዘግባል። ልዩነቱ፥ እንስሳው በተመዘገበበት ክፍል መሠረት ማን እንደሚመግበው፥ ማን እንደሚያክመውና ስለ ሞቱ ማን እንደሚጠየቅ የሚወስነው ሕጉ መሆኑ ነው። ስለዚህ የክፍሉ ስም ለጸሐፊው የወረቀት ጉዳይ ቢሆንም ለእንስሳው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ለዚህ ነገር ምስክር ናት። በአንድ መቶ ሃያ ዓመት ውስጥ አንበሳ በዚያች አገር መዝገብ ላይ ከጎጂ አውሬነት ወደ አደን፥ ከአደን ወደ ጥበቃ ተዛወረ፤ በመጨረሻም በከተማይቱ መካከል በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ በረኀብ ሲመነምን የትኛው መሥሪያ ቤት ሊያበላው እንደሚገባ በግልጽ የሚናገር ሰው ጠፋ። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ለመረዳት ከሕጉ አመጣጥ መነሣት ያስፈልጋል።

የዝርዝር ሕግ አጀማመር

እንስሳትን ከጭካኔ ለመጠበቅ የወጡት የዘመናዊ ሕጎች ታሪክ የዝርዝር ታሪክ ነው። በ1822 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሪቻርድ ማርቲን የተባለ የምክር ቤት አባል ያቀረበውን ረቂቅ የእንግሊዝ ፓርላማ አጽድቆ፥ ፈረስን፥ በቅሎን፥ አህያን፥ በሬን፥ ላምን፥ ጊደርን፥ በግንና ሌሎች ከብቶችን በጭካኔ መደብደብና ማሠቃየት እንዲከለከል አደረገ። ነገር ግን ኮርማ በስሙ ስላልተጻፈ ዳኞች ሕጉ ኮርማን አይመለከትም ብለው ፈረዱ። ኮርማና ውሻ የሕግ ጥበቃ ያገኙት በ1835 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው።

በ1911 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ስሞችን መዘርዘር ትቶ «ለማዳ» ወይም «በሰው እጅ የተያዘ» እንስሳ የሚሉ ሁለት ክፍሎችን አበጀ። በዚህም ሕግ አንበሳ እንኳ በሰው እጅ እስካለ ድረስ ጥበቃ ያገኝ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ የጀርባ አጥንት ያላቸውን እንስሳት መሠረት አደረገ፤ በ2022 ዓ.ም. በወጣው ሌላ ሕግ ሸርጣንና ኦክቶፐስን የመሳሰሉ የባሕር ፍጥረታት ሳይቀሩ ስሜት ያላቸው እንስሳት ተብለው ታወቁ።

በአሜሪካ ግን የክፍሉ አጥር የሚቆመው በሥራ ዓይነት ነው። በ1966 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በምርመራ ቤት የሚያዙትን ውሻ፥ ድመት፥ ጦጣና ጥንቸል የመሳሰሉትን ሲጠብቅ፥ በ2002 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ለምርምር የሚራቡ አይጦችና ወፎች ከሕጉ ትርጓሜ እንዲወጡ ተደርጓል። እንዲህ ከሆነ ዘንድ የአይጥና የጥንቸል ሥቃይ ልዩነት በአካላቸው ሳይሆን በሕጉ ቃል ውስጥ ነው ማለት ነው።

አንበሳ ጎጂ ተብሎ የተጻፈበት ዘመን

ግንቦት 19 ቀን 1900 ዓ.ም. በአፍሪካ ቅኝ ግዛት የነበራቸው መንግሥታት በለንደን ተሰብስበው የአፍሪካን የዱር አራዊት፥ ወፎችና ዓሦች ስለ መጠበቅ ውል ተፈራረሙ። ውሉ የሚመለከተው አገር በሰሜን በኩል እስከ 20ኛው የኬክሮስ መሥመር የሚደርስ ስለ ነበረ ካርቱም በውስጡ ትገኛለች። ውሉ እንስሳትን በአምስት ሠንጠረዥ ከፈለ። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ጥንብ አንሣና ጉጉት ስለ ጥቅማቸው፥ ቀጭኔ፥ ጎሪላ፥ ቺምፓንዚና የዱር አህያ ደግሞ ስለ ማነሳቸው ፈጽመው እንዳይገደሉ ተጻፈ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ግልገሎችና ግልገል ያስከተሉ እንስቶች ተከለሉ። በአራተኛው በቍጥር ተወስነው የሚታደኑት ተመዘገቡ።

አምስተኛው ሠንጠረዥ ቍጥራቸው እንዲቀነስ የተፈረደባቸውን ጎጂ አራዊት የያዘ ነበር። አንበሳ፥ ነብር፥ ጅብ፥ ዝንጀሮ፥ አዞ፥ መርዛም እባብና ዘንዶ በዚህ ክፍል ተጻፉ። የሰጎን እንቍላል እንዲጠበቅ ሲታዘዝ የአዞና የዘንዶ እንቍላል እንዲጠፋ ታዘዘ። ይህ ውል በቂ መንግሥታት ስላላጸደቁት በሥራ ላይ ሳይውል ቢቀርም፥ ሐሳቡ በየቅኝ ግዛቱ የአደን ደንቦች ውስጥ ገብቷል። በካርቱምም በዚያው ዘመን የአደን ጥበቃ ሹም ተሾሞ፥ በዓባይ ዳር የአራዊት ማኖሪያ ተቋቁሞ ነበር። ይህ ማኖሪያ በ1990ዎቹ ፈርሶ በቦታው ትልቅ ሆቴል ተሠርቶበታል።

በውሉ አከፋፈል ውስጥ የተጠየቀው ጥያቄ እንስሳው ለሰው ምን ይጠቅማል፥ ምንስ ይጎዳል የሚል ብቻ ነበር። እንስሳው በሰው እጅ ሲገባ ምን ይደረግለት የሚል አንቀጽ ከአምስቱ ሠንጠረዥ በአንዱም አልነበረበትም።

በ1933 ዓ.ም. በለንደን የተፈረመው ሁለተኛ ውል፥ ሱዳንም የገባችበት፥ አምስቱን ሠንጠረዥ ትቶ «ሀ» እና «ለ» የሚባሉ ሁለት ክፍሎችን አቆመ። ጎሪላና ነጭ አውራሪስ በክፍል «ሀ» ውስጥ ገብተው ከፍተኛ ጥበቃ ተሰጣቸው። ከዚህ ውል በኋላ በ1935 ዓ.ም. ሱዳን የዱር አራዊት ጥበቃ ድንጋጌ አወጣች፤ የዲንደር ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ዓመት ተከለለ። አፍሪካውያን መንግሥታት ነጻ ከወጡ በኋላ በ1968 ዓ.ም. በአልጀርስ የተዋዋሉት ውልም የ«ሀ» እና የ«ለ»ን አከፋፈል ይዞ ቀጠለ።

በ1973 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተፈረመውና ሱዳን በ1982 ዓ.ም. የገባችበት የዓለም አቀፍ የአራዊት ንግድ ውል እንስሳትን በሦስት አባሪ ይከፍላል። አንበሳ በአፍሪካ በሁለተኛው አባሪ ይገኛል፤ ይህም ንግዱ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን የተወሰነበት ክፍል ነው። በዚህ መሠረት በ1900 ዓ.ም. ይጥፋ የተባለው አውሬ አሁን ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሱዳን የዱር አራዊት ጥበቃና የብሔራዊ ፓርኮች ሕግም እንስሳትን በሠንጠረዥ መከፋፈሉን ቀጠለ፤ አስፈጻሚውም በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ያለው የዱር አራዊት ፖሊስ ሆነ።

ከፍተኛ ክፍል ውስጥ መግባት ብቻውን እንስሳን እንደማያድን የነጭ አውራሪስ ታሪክ ያስረዳል። በ1975 ዓ.ም. ዛሬ ደቡብ ሱዳን በምትባለው አገር ተይዞ ወደ አውሮፓ የተወሰደውና «ሱዳን» የተባለው የሰሜን ነጭ አውራሪስ፥ የዘሩ የመጨረሻ ወንድ ሆኖ በመጋቢት 2018 ዓ.ም. በኬንያ ሞተ። ይህ እንስሳ በዱር ቢቀር ኖሮ ከአዳኞች ጥይት ማምለጡ አጠራጣሪ ነው፤ በሕይወት ያቆየው ተይዞ መኖሩ ነበር። ተይዞ የሚኖር እንስሳ ግን የጠባቂ እጅ የሚያስፈልገው ነው።

በአል ቁረሺ መናፈሻ የሆነው

በጥር 2020 ዓ.ም. በካርቱም በአል ቁረሺ መናፈሻ የነበሩ አምስት አንበሶች አጥንታቸው ከቆዳቸው ወጥቶ የሚታይበት ፎቶግራፍ በፌስቡክ ተሰራጨ። የመናፈሻው ኀላፊዎችና የእንስሳት ሐኪሞች ከአንበሶቹ አንዳንዶቹ ከሰውነት ክብደታቸው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን ያህል እንዳጡ ተናገሩ። መናፈሻው የሚተዳደረው በካርቱም ማዘጋጃ ቤት ሲሆን ከግል ለጋሾችም ርዳታ ያገኝ ነበር። ሱዳን በዚያ ወራት የዳቦ ዋጋ በቀሰቀሰው ሕዝባዊ ዐመፅ መንግሥት ለውጣ፥ ገንዘቧ ወድቆ፥ የምግብ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ሠራተኞቹ ሥጋ ሁልጊዜ እንደማይገኝና ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ኪስ እየገዙ እንደሚያበሉ ገለጹ። በዚያው ወር አንዲት እንስት አንበሳ ሞተች።

ከዚያ በኋላ የከተማው ነዋሪዎች ሥጋና መድኀኒት ይዘው መጡ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ በቪየና የሆነው ፎር ፖዝ የተባለ የእንስሳት ደኅንነት ማኅበርም ሐኪሞቹን ላከ። ከተረፉት መካከል አንዲቱ ካንዳካ ተባለች። ይህ ስም የጥንት የኩሽ ንግሥታት ማዕርግ ሲሆን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ህንደኬ» ተብሎ ይነበባል፤ በ2019 ዓ.ም. በተደረገው ዐመፅም የተሰለፉ የሱዳን ሴቶች የተጠሩበት ነው። ካንዳካ ቀስ በቀስ አገግማ ከካርቱም በስተ ደቡብ በአል ባጌር ወደ ተቋቋመው የእንስሳት ማዳኛ ስፍራ ተዛወረች።

እነዚህን አንበሶች ያስራባቸው ድኽነት ብቻ ነው ቢባል ነገሩ ግማሽ እውነት ይሆናል። በዚያችው ከተማ በዚያው የገንዘብ ችግር ጊዜ የግመል፥ የበግና የከብት ገበያ አልተቋረጠም፤ ባለቤት ያለው ከብት ዋጋ ስላለው መኖ ይፈለግለታል። የአንበሶቹ መከራ ከየትኛውም ክፍል ውጭ ከመሆናቸው የመጣ ነው። የዱር አራዊት ሕግ አዳኝን ይከለክላል እንጂ ለፍርግርጉ የሥጋ በጀት አያቆምም፤ የእንስሳት ሀብት መሥሪያ ቤት የሚያስበው ስለ ከብት ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱም መናፈሻውን የሚያየው እንደ መዝናኛ ስፍራ ነው። ለዱሩ እንግዳ፥ ለበረቱም ባዕድ የሆነ እንስሳ በሦስት ቢሮ መካከል ወደቀ።

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በደንቡ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ እንስሳ ስም አውጥቶለታል። ድርጅቱ «እንስሳ» ሲል አጥቢን፥ በደረቱ የሚሳበውን፥ ወፍንና ንብን ማለቱ ሲሆን፥ ዓሣና የመሳሰለው ለብቻው በሌላ ደንብ ተይዟል። ከዚያም ቀጥሎ ከሰው ርቆ በራሱ የሚኖረውን «የዱር እንስሳ»፥ ዘሩ የዱር ሆኖ በሰው ጥበቃ ሥር ያለውን «የተያዘ የዱር እንስሳ»፥ ዘሩ ለማዳ ሆኖ ከሰው ተለይቶ የሚኖረውን ደግሞ «ከለማዳነት የወጣ» እያለ ይለያል። የአል ቁረሺ አንበሶች የሁለተኛው ወገን ነበሩ። የዚህ ክፍል ጥቅም ጥያቄውን ከእንስሳው ዘር ወደ ሰው እጅ ማዛወሩ ነው፤ የያዘ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ኀላፊው ይታወቃል።

ይህ ሐሳብ ለሱዳን ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በእስልምና ሕግ ባለቤት እንስሳውን የመመገብ ግዴታ አለበት፤ በሐዲስም ድመት ዘግታ ሳታበላት፥ ከምድር ፍጥረት እንድትበላም ሳትለቃት ስለ ገደለች ሴት ቅጣት ይነገራል። በኦሪትም እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ታዝዟል። ሁለቱም ትእዛዞች የሚመለከቱት የእንስሳውን ዓይነት ሳይሆን በር የዘጋውን ወይም ቀንበር የጫነውን ሰው ነው።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ይኸው ጉድለት እንደገና ታየ። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውና በ1929 ዓ.ም. የተመሠረተው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በጦር ሠራዊቱ ዋና መምሪያ አጠገብ ስለ ነበረ ሠራተኞቹ ሊደርሱበት አልቻሉም። በውስጡ የነበሩት ጦጣ፥ በቀቀን፥ አርጃኖ፥ ዔሊ፥ እባብና አዞ የመሳሰሉ ወደ አንድ መቶ የሚሆኑ እንስሳት ያለ ውኃና ያለ ምግብ ተዘግተው ቀሩ። ሰው ራሱ መሸሸጊያ ባጣበት ቀን ስለ እንስሳ ማሰብ ከባድ ነው፤ ሆኖም አስቀድሞ የተዘጋጀ የማሸሻ ሥርዓት ባለመኖሩ የተዘጋ በር የሚከፍት አልተገኘም።

ዋጋ ያለው እንስሳስ?

ዋጋና ባለቤት ያለው እንስሳ ሁልጊዜ ይጠበቃል ማለትም አይቻልም። ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች ይባላል። በሰኔ 2022 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ በጎች ጭና ለመጓዝ የተነሣች ባድር 1 የተባለች መርከብ በሱዋኪን ወደብ ሰጠመች። በጊዜው የወደብ ሹማምንት እንደ ተናገሩት መርከቢቱ መጫን የሚገባት 9,000 ያህል በግ ሲሆን የጫነችው ከ15,000 በላይ ነበር። መርከበኞቹ ሁሉ ዳኑ፤ ከበጎቹ ግን የተረፉት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ጭንቀት ስለ ነጋዴዎቹ ኪሳራና ስለ ወደቡ ሥራ ነበር፤ በጎቹ በመዝገብ የተጻፉት በጭነት ስም ስለ ነበረ ነው።

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ከብትን በባሕርና በየብስ ስለ ማጓጓዝና ስለ ማረድ የሚናገሩ ደንቦችን ያጸደቀው በ2005 ዓ.ም. ነው። ደንቡ የቦታ ስፋትን፥ የአየር መግቢያን፥ ውኃንና መኖን በሚመለከት የላኪውን፥ የመርከቡን አዛዥና የመንግሥት ሐኪሙን ኀላፊነት ለይቶ ያስቀምጣል። እነዚህ ቃላት በወደብ ካልተፈጸሙ ገበሬው ያሳደገው በግ በሞቱ ዋጋ አያወጣም፤ ነጋዴውም አገሪቱም ይከስራሉ። እንግዲህ የእንስሳት ደኅንነት ለሀብታም አገር የቀረበ የቅንጦት ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ በሱዋኪን ፈርሷል።

አህያም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በ1822 ዓ.ም. በተጻፈው የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ስሟ ቢኖርም፥ ስለ ሥራ የጋማ ከብቶች ደኅንነት ዓለም አቀፍ ምዕራፍ የተጻፈላት በ2016 ዓ.ም. ነው። ካርቱም በጦርነቱ ነዳጅ ባጣች ጊዜ ውኃውንና ሰውን ያመላለሰው የአህያ ጋሪ ነበር። በኢትዮጵያ በ2017 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተከፈተ የአህያ ማረጃ ሕዝቡ ተቃውሞት ወዲያው ተዘጋ። በየካቲት 2024 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በአዲስ አበባ ጉባኤያቸው አህያን ለቆዳዋ ማረድን አገዱ። በዚህም ውሳኔ አህያ ከቆዳ ሸቀጥነት ወጥታ ወደ ሥራ ከብትነቷ ተመለሰች።

ድንበር የማያውቅ አንበሳ

ነገሩ የኢትዮጵያንም ገበሬ በቅርብ ይነካዋል። የሱዳኑ ዲንደርና በአማራ ክልል በቋራ በኩል ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ተጐራባቾች ናቸው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በአልጣሽ አንበሳ መኖሩን በፎቶግራፍ አረጋግጠው፥ በሁለቱ ፓርኮች ያለው ቍጥር እስከ 200 ሊደርስ እንደሚችል ገመቱ። አንድ አንበሳ በአንድ ሌሊት ከሱዳን ሕግ ወደ ኢትዮጵያ ሕግ ሊሻገር ይችላል። የሱዳኑ የ1986 ሕግና የኢትዮጵያው የዱር እንስሳት አዋጅ ክፍላቸውን እያስተያዩ ካልሠሩ በአንዱ በኩል የሚጠበቀው በሌላው ይገደላል። ጥጃው የተበላበት እረኛም አቤቱታውን የሚያደርስበት ስፍራ ከሌለው አንበሳውን እንደ 1900 ዓ.ም. አምስተኛ ሠንጠረዥ መቍጠሩ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛ፥ የዱር እንስሳ በፍርግርግ ውስጥ እንዲቀመጥ የሚፈቅድ መሥሪያ ቤት በፈቃዱ ወረቀት ላይ መጋቢውንና ሐኪሙን በስም፥ የዓመቱን በጀትም በቍጥር መጻፍ ይገባዋል። ይህን መጻፍ የማይችል ፈቃዱን ባይሰጥ ይሻላል።

ሁለተኛ፥ ከብት በሚጫንበት ወደብና ጣቢያ የእንስሳት ሐኪሙ ቃል ከነጋዴው ደረሰኝ በፊት መሰማት አለበት። የመጫኛው ልክ ካለፈ መርከቡም መኪናውም እንዳይንቀሳቀስ የማገድ ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል።

ሦስተኛ፥ አውሬ ከብት የበላበት ገበሬ ጉዳቱን በአጭር ጊዜ የሚያስመዘግብበትና ምላሽ የሚያገኝበት መንገድ በወረዳው ሊኖር ይገባል፤ ያለዚያ የጥበቃ ሕግ በገበሬው ዘንድ ለአውሬው ያደላ ሕግ መስሎ ይታያል።

እንስሳትን በየክፍላቸው መለየት ለሕግ አስፈላጊ ነው፤ ንብና በሬ፥ አዞና ዶሮ በአንድ ደንብ ሊተዳደሩ አይችሉምና። ነገር ግን ከመለየቱ በፊት ስለ ሁሉም የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እንስሳው ዛሬ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። የበረቱን፥ የመርከቡን ወይም የፍርግርጉን መክፈቻ የያዘው ሰው፥ እንስሳው በየትኛውም ሠንጠረዥ ቢጻፍ፥ ውኃውንና መኖውን የማቅረብ ዕዳ አለበት።